አንደኛ ምርጫ

አንድ ነጭናጫ ተማሪ ነበረ። ስሙ ታዘባቸው ይባላል። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባል የለ? ይህ ልጅ በአንድ ደጋ ከተማ ወደሚገኝ ኮሌጅ ምህንድስና ሊማር ከገባበት ቀን ጀምሮ ዋና ሥራው ሰውን መታዘብ ሆነ።

የሚያበሳጨውን ነገር ልንገራችሁ ብሎ ቢጀምር አይጨርስም። ላይብረሪ ወንበር ላይ ደብተር ጥለው ሻይ ሊጠጡ የሚሄዱት ያበሳጩታል፤ ደብተሩ ተቀምጦ ሰው ቆሞ ይጠብቃል። ለካፌ ሰልፍ አንድ ጓደኛ አስቀድመው ልከው፣ ተራው ሲደርስ ሠፈር ሆነው የሚገቡት ያበሳጩታል። የቡድን ሥራ ሲያልቅ ስሙን ለማስጻፍ ብቻ የሚመጣው ያበሳጨዋል። ሻወር ቤት ገብቶ በየቀኑ ያንኑ ዘፈን፣ ያውም ያንኑ አዝማች የሚዘፍነው የፎቁ ልጅ ያበሳጨዋል። ከሁሉ ከሁሉ ግን አንጀቱን የሚያሳርረው የባቹ ነገር ነበር።

ባች ማለት በአንድ ዓመት አብሮ የገባ ተማሪ ማለት ነው። የታዘባቸው ባች አንዱ ሲስቅ ሁሉም ይስቃል፤ አንዱ መምህር «ቀሽም ነው» ከተባለ በሁሉም ዘንድ ቀሽም ነው። አንድ ልማድም ነበራቸው። መምህሩ ትምህርቱን ሲጨርስ «ጥያቄ አለ?» ይላል። ጥያቄ መጠየቅ ደግሞ ምሳ ማዘግየት ነው። ስለዚህ እጁን የሚያወጣ ሰው ከተገኘ ክፍሉ በሙሉ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ሳል ይጀምራል። ያ እጁን ያወጣ ምስኪን ሳሉን ሲሰማ፣ ቀድሞም ሊያክ የፈለገ ይመስል ራሱን አክኮ እጁን ያወርዳል። መምህሩም «መልካም፣ ሁላችሁም ገብቷችኋል ማለት ነው» ብሎ ይወጣል።

ታዘባቸው ይህን ሲያይ ጥርሱን ያንቀጫቅጫል። አብሯቸው ስሎ አያውቅም። ግን ጠይቆም አያውቅም። ማን እንደሳለና ማን እንዳልሳለ ሲያጣራ የራሱ ጥያቄ ይጠፋበታል።

ይህ ልጅ ግን እዚያ የሄደው ሰው ለመታዘብ አልነበረም። የተወለደበት ቀበሌ ወንዝ ማዶ ነው። ክረምት ሲገባ ወንዙ ይሞላና ቀበሌውን ከገበያውም ከጤና ጣቢያውም ይቆርጠዋል። ታላቅ እህቱን የሽመቤትን ምጥ የያዛት በነሐሴ ነበር። በቃሬዛ ተሸክመው ወንዙ ዳር አደረሷት፤ ውኃው አላሳልፍ አለ። ጎደለና ሲሻገሩ እሷ ተረፈች፣ ልጇ አልተረፈም። ታዘባቸው ያኔ ገና ልጅ ቢሆንም ከቃሬዛው ጫፍ አንዱን ይዞ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ «ስታድግ ምን ትሆናለህ?» ሲሉት መልሱ አንድ ነው፦ ድልድይ እሠራለሁ። የሽመቤት እስከ ዛሬ ስልክ ስትደውል «ወንድምዓለም፣ ድልድዬ ምን ደረሰ?» ትለዋለች። እየሳቀች ነው የምትጠይቀው፤ ነገሩ ግን ለሁለቱም ቀልድ አይደለም።

እንዲህ ያለ ጉዳይ ይዞ የመጣ ሰው የሌላውን ሳል ምን አስቆጠረው? እኔም የማልረዳው ይህንን ነው።

በዚያ ኮሌጅ የመጀመሪያው ዓመት ትምህርት ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው። ዓመቱ ሲያልቅ እያንዳንዱ ተማሪ የሚቀጥልበትን የትምህርት ክፍል ይመርጣል። ድልድይ መሥራት የፈለገ «ሲቪል ምህንድስና» ብሎ ይሞላል፤ ነጥቡ ከበቃ ይመደባል። የታዘባቸው ነጥብ ሞልቶ የተረፈ ነበር። ስለዚህ ከሱ የሚጠበቀው ዓመቱን በሰላም መጨረስና አንዲት ቃል መጻፍ ብቻ ነው።

መጀመሪያ የጃኬቱ ነገር መጣ። ባቹ አንድ ዓይነት ጥቁር ጃኬት አሠፋ፤ ጀርባው ላይ የገቡበት ዓመት በትልልቁ ተጽፎበታል። ታዘባቸውም ደረሰውና ለበሰው። በማግስቱ ጠዋት ግን ከዶርም ሲወጣ መንገዱ ሁሉ ያው ጃኬት ሆነበት። ፊት የለም፣ ጀርባ ብቻ! ወዲያው አወለቀና ለበሩ ዘበኛ ሰጠው። ከዚያ በኋላ በዚያ ብርድ በስስ ሸሚዝ እየተንቀጠቀጠ መዋል ሆነ።

ኸይረዲን የሚባል የዶርም ጓደኛ ነበረው፤ የግንበኛ ልጅ ነው፣ ዝምተኛ፣ ትንሽም እንቅልፋም ነገር። እሱ ጃኬቱን ለብሶ ሲመጣ ታዘባቸው ደሙ ፈላ።

«አንተ አታፍርም? አገር ምድሩ የለበሰውን ነው የምትለብሰው?»

«ብርድ ነዋ!» አለ ኸይረዲን፣ ዚፑን እስከ አገጩ ድረስ እየሳበ።

ሰው ደግሞ ጉደኛ ፍጥረት ነው። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ፣ ያለ ጃኬት መታየት ራሱ አራዳነት ሆነ። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ልጆች አወለቁ። ቀጥሎ የነሱ ጓደኞች አወለቁ። አንድ ቀን ታዘባቸው ወደ ክፍል ሲሄድ ሜዳው በሸሚዝ በሚንቀጠቀጥ ሰው ተሞልቶ አገኘው። ሁሉም እጁን ብብቱ ውስጥ ወሽቆ እንደሱ ትከሻውን ሰብቋል። ልጁ የሚገባበት ጠፋው። በቀጥታ ወደ ዘበኛው ሄደና አንገቱን ደፍቶ ጃኬቱን መልሶ ለመነ። ዘበኛውም «ስጦታ ተቀባይ እንጂ ሰጪ ሲለምን ዛሬ ገና አየሁ» ብለው አወጡለት። ብዙም ሳይቆይ ብርዱ አለፈና ፀሐዩ ጠነከረ። ታዘባቸው በጃኬት ሲያልበው ሰነበተ።

«አሁን ነው የበረደህ?» አለው ኸይረዲን።

«አልበረደኝም። አላየሃቸውም እንዴ? ሁሉም አወለቁ እኮ!»

«እና አንተ ጠዋት ተነስተህ የምትለብሰውን የምታውቀው፣ እነሱን በመስኮት ካየህ በኋላ ነው ማለት ነው?»

ታዘባቸው በሩን በርግዶ ወጣና ሜዳውን ሲዞር ዋለ። መቀመጥ አቅቶት ነበር። ካፌ ገባ፣ ሰልፉን አይቶ ወጣ። ላይብረሪ ገባ፣ ደብተሮቹን አይቶ ወጣ። ኮሌጁ በሙሉ የሚያርፍበት አንዲት ስንዝር ቦታ ያልተወለት መሰለው።

ቀጥሎ የፈተናው ነገር መጣ። ባቹ «ካላወቅህ ሲን አክብብ» የሚል ሕግ ነበረው። ማን እንዳወጣው አይታወቅም፤ ሲ ታድናለች ይባላል። የፊዚክስ ፈተና ዕለት ስለ ጭነትና ስለ ምሰሶ የሚጠይቅ አንድ ጥያቄ መጣ። ታዘባቸው ይህን ዓይነቱን ጥያቄ በሕልሙም ይሠራዋል። ሠራው፤ መልሱ ሲ ሆነ። እርሳሱን አንስቶ ሊያከብብ ሲል ግን ዓይኑ ወደ ጎን ሾለከ። በግራው ያለው ልጅ ጥያቄውን ሳያነብ ሲን አከበበ። በቀኙ ያለችውም ሲን አከበበች። ፊት ለፊቱ ያለው እንኳ እያዛጋ ሲን አከበበ። የታዘባቸው እጅ አልታዘዝ አለው። ቢን አከበበና ወረቀቱን ሰጥቶ ወጣ።

«የምሰሶዋን ጥያቄ መቼም አግኝተሃታል» አለው ኸይረዲን ደጅ ሲገናኙ።

«መልሱ ሲ ነው። እኔ ግን ቢ ብያለሁ።»

«እያወቅህ?»

«ሳያነቡ እኮ ነው የሚያከብቡት! ሳያነቡ!»

«እና እነሱ ሳያነቡ አገኙት፣ አንተ አንብበህ ጣልከው» አለ ኸይረዲን። ለመሳቅ ከጀለውና የጓደኛውን ፊት አይቶ ተወው።

አንዲት ጥያቄ የታዘባቸውን ነጥብ አልጎዳችውም። የባሰው ጉዳትም ይኸው ነበር። ትንሽ ቢያመው ኖሮ ይማርበት ነበር።

የምርጫው ሳምንት ደረሰ። አቤኔዘር የሚባለው የባቹ ተወካይ አንድ ቀን ከሰዓት መምህሩ እንደወጣ ጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆመና እጁን አጨበጨበ። «ስሙኝማ! ሲኒየሮች ነግረውኛል፤ ሥራ ያለው ሲቪል ነው። ዘንድሮ ባቹ በሙሉ ሲቪል ነው የሚሞላው። በቃ!» አለ። ክፍሉ አጨበጨበ። ትናንት ሜካኒካል ሲል የነበረው ሲቪል አለ፣ ዛሬ ጠዋት ኬሚካል ስትል የነበረችው ሲቪል አለች። «ሲቪል! ሲቪል!» እያሉ ጠረጴዛ መደብደብ ጀመሩ። በዚህ መሐል ያ የሻወር ቤቱ ዘፋኝ መጥቶ ታዘባቸውን በአንገቱ አቀፈው።

«አንተም ሲቪል ነህ አይደል? በቃ የኛ ነህ!» አለው።

ለታዘባቸው ከዚህ በላይ ስድብ አልነበረም። ከልጅነቱ ጀምሮ ለብቻው ይዟት የኖረው ነገር ሰው ሁሉ ሲቀባበላት ረከሰችበት። የዘፋኙን እጅ ከአንገቱ ላይ አንስቶ ጥሎለት ወጣ። ሜዳውን አንዴ ዞረ፣ ደግሞ ዞረ። ኸይረዲን ከኋላው ደረሰበት።

«እነዚህ ድልድይ ያውቃሉ?» አለ ታዘባቸው ሳይቆም። «ወንዝ ሲሞላ አይተዋል? ሰው በቃሬዛ ተሸክመው ውኃ ዳር ቆመዋል?»

«አያውቁ ይሆናል።»

«ከነሱ ጋር ልማር ነው? ያንኑ ሳል ስሰማ፣ ያንኑ ጃኬት ሳይ ልኖር ነው?»

«ድልድዩ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ከማን ጋር ተማርክ ብለው አይጠይቁህም እኮ፣ ታዜ።»

«አንተስ ምን ልትሞላ ነው?»

«ሲቪል።»

«በለው! አንተም ከመንጋው!»

ኸይረዲን ቆመ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ጠንከር አለ። «አባቴ ግንበኛ ነው። እኔ በሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተኝቼ ነው ያደግሁት። ዛሬ እነሱ ሊገቡ አማራቸው ብዬ የገዛ ቤቴን ለቅቄ ልውጣላቸው? ወላሂ አልወጣም! አንተም አትውጣ።»

እልህ ምላጭ ያስውጣል ይላሉ አባቶች። ታዘባቸው ያን ዕለት ምላጩን ዋጠው። ምርጫ ለመሙላት ገና ቀናት ቀርተው ነበር፤ ከባቹ አንድም ሰው አልሞላም። እሱ ግን በዚያው ቁጣው ወደ ኮምፒውተር ክፍል ሮጠና ከሁሉም ቀድሞ ተቀመጠ። የትምህርት ክፍሎቹን ስም ከላይ እስከ ታች አየ። አቤኔዘርም፣ ዘፋኙም፣ ሰልፍ ጣሹም ከቶ የማይረግጡት የቱ ነው? የጨርቃ ጨርቅ ምህንድስና አለ። አንደኛ ምርጫው ላይ እሱን ሞላና ላከው። አንዴ የተላከ ምርጫ እንደማይመለስ ማስጠንቀቂያው በቀይ ተጽፎ ነበር።

የጨርቃ ጨርቅ ትምህርት ክፉ ነው አላልኩም። ያን ዓመት አንዲት የሸማኔ ልጅ የአባቷን ሙያ በትልቁ ልትሠራው ወዳና ፈቅዳ ሞልታዋለች፣ ይቅናት። ታዘባቸው ግን ድርና ማግ ለይቶ አያውቅም፤ ማወቅም አልፈለገም። ያን ምሽት ግን ደስ ብሎት ራቱን ጥርግ አድርጎ በላ። ሰልፉ እንኳ አላበሳጨውም።

ደስታው ምርጫው እስከሚዘጋበት ቀን ቆየ። የመጨረሻው ቀን ጠዋት አቤኔዘር እንደገና ሰሌዳው ፊት ቆሞ እጁን አጨበጨበ። ሌሎች ሲኒየሮች ሌላ ነገር ነግረውታል፤ ሥራ ያለው ኤሌክትሪካል ነው። ክፍሉ እንደገና አጨበጨበ። «ኤሌክትሪካል! ኤሌክትሪካል!» እያሉ ወደ ኮምፒውተር ክፍል ተግተልትለው ሄዱ፣ ሞሉም። ታዘባቸው ባለበት ደርቆ ቀረ። የሸሻቸው ሰዎች ሸሽቶ ከወጣበት ቤት አልገቡም። ደጁን እንኳ ሳይረግጡ በአጠገቡ አልፈው ሄዱ።

ምደባው በተለጠፈ ዕለት ሲቪል ምህንድስና ሰው ጎድሎበት ወጣ። በጣም የሚወዱት ጥቂቶች ብቻ ገቡበት፤ ኸይረዲን አንዱ ነው። ቀሪውን ቦታ ከታዘባቸው በብዙ ያነሰ ነጥብ ባላቸው ልጆች ሞሉት። ከታዘባቸው ስም ጎን ደግሞ «ጨርቃ ጨርቅ፣ አንደኛ ምርጫ» ተብሎ ተጽፏል። ኤሌክትሪካል አጨናንቀው ሁለተኛና ሦስተኛ ምርጫቸው የደረሳቸው የባቹ ልጆች ትከሻውን መታ መታ እያደረጉ «አንተ ታድለህ! አንደኛ ምርጫህን አገኘህ» አሉት። የምራቸውን ነው የቀኑበት።

ወዲያው ስልኩ ጠራ። የሽመቤት ናት።

«ወንድምዓለም! ዛሬ ነው ያልከኝ። ደረሰህ ወይ ምርጫህ?»

ታዘባቸው የተለጠፈውን ወረቀት እያየ፣ «አንደኛ ምርጫዬ ደርሶኛል» አለ። ቃሉ ሐሰት የለበትም።

«እሰይ! እሰይ የናቴ ልጅ!» አለችና ስልኩን ሳትዘጋ እልልታዋን አቀለጠችው። ጎረቤቶቿ ሲሰበሰቡ ተሰማው። «ድልድያችን ደረሰ! ኧረ እልል በሉ!» ስትል ሰማ፤ ሌሎች ሴቶችም ተቀብለው እልል አሉ። ልጁ ይህን እልልታ ምን ብሎ ያቁመው? ስልኩን ዘጋና ሮጠ። ሬጅስትራር ቢሮ ሳያንኳኳ ገባ።

ኃላፊዋ መነጽር ያደረጉ፣ ረጋ ያሉ ሴት ናቸው። «ምን ሆንክ ልጄ?» አሉት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እትዬ። ምደባዬ ስህተት ነው። ያስተካክሉልኝ።»

ስሙን ጠይቀው ፈለጉና አገኙት። «አንደኛ ምርጫህ ነው እኮ የደረሰህ። ስህተቱ የቱ ላይ ነው?»

«ምርጫው የኔ አይደለም።»

«ሌላ ሰው ነው የሞላብህ?»

«አይ፣ በገዛ እጄ ነው የሞላሁት።»

«ያስገደደህ ሰው ነበር?»

«አልነበረም።»

«የመከረህስ?»

«የመከረኝ አትሙላው ብሎ ነው የመከረኝ።»

ሴትየዋ መነጽራቸውን አወለቁ። «እና ልጄ፣ አንተ ካልሆንክ ማነው የመረጠልህ?»

ታዘባቸው ወደ መስኮቱ ዞረ። ከመስኮቱ ውጭ ባቹ እየተሳሳቀ ወደ ካፌ ይሄዳል። ዓመቱን ሙሉ ሲታዘባቸው የኖረውን ሰዎች አንድ በአንድ ያውቃቸዋል፤ አካሄዳቸውን፣ ሳቃቸውን፣ ሳላቸውን ሳይቀር ያውቃል።

«እነዚያ ናቸው የመረጡልኝ» አለ በጣቱ እያሳየ።

እሳቸውም ተነስተው በመስኮቱ አዩ። «እነሱ እንዲህ ምረጥ አሉህ?»

«ምንም አላሉኝም። ስለኔ አስበውም የሚያውቁ አይመስለኝም።»

ሴትየዋ አዘኑለት። ቁጭ ብለው መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «ልጄ፣ ምርጫው ላልደረሰው ሰው ቅሬታ እቀበላለሁ። አንተ የመረጥከው ደርሶሃል። ስላንተ አስበው የማያውቁ ሰዎች መረጡልኝ የሚል ሰው ግን አጋጥሞኝ አያውቅም፤ እንዴት ላድርግህ?» አሉት። የሚሉት ይህን ብቻ ነበር። ታዘባቸው ወጣ፤ ስልኩ ኪሱ ውስጥ እንደገና ይጠራ ነበር፣ አላነሳውም።

ወዳጆቼ፣ ሰው የሄደበትን ተከትሎ የሚሄድ ሰው ነፃ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ በሱ መሳቅም ቀላል ነው። ሰው ስለሄደበት ብቻ የማይሄድ ሰውም መንገዱን የሚመርጥለት ያው የሚንቀው ሕዝብ ነው። ሁለቱም እግራቸውን ከማንሳታቸው በፊት ሌላውን ያያሉ። ኸይረዲን ሲበርደው ለበሰ፣ የሚወደውን ሞላ፤ ከማን ጋር እንደገጠመና ከማን እንደተለየ ለማጣራት አንድ ቀን እንኳ ዞር ብሎ አላየም። ታዘባቸው ሲቆጣ የኖረው እውነቱን ነበር። ሳሉም ነውር ነበር፣ ጭብጨባውም ከንቱ ነበር። ነገር ግን ቁጣው ልክ የሆነ ሰው መንገዱም ልክ ነው ማለት አይደለም።

እስቲ እናንተም ሌላ ነገር ከማንበባችሁ በፊት ቆም በሉና ራሳችሁን ጠይቁ፦ ዘንድሮ «እምቢ» ያላችሁት ነገር፣ ስላልፈለጋችሁት ነው ወይስ እነሱ ስለፈለጉት?